ከብሎካችን እስከ ትምህርት ቤቱ በር፦ 1,150 ሜትር በዊልቸር

ስራዬ ማንጠፍ ነው። ሴራሚክ፣ ቴራዞ፣ እብነ በረድ፤ የመጣውን ሁሉ አነጥፋለሁ። 18 ዓመት ሆነኝ። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። መንገድ ላይም እንደዚያው። የትኛው ታይልስ ስር አሸዋው በደንብ እንዳልተጠቀጠቀ ስረግጠው ይታወቀኛል።

ሰው ስለበላበት ምግብ ቤት፣ ስለገዛው ስልክ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስለምጠቀምበት መንገድ ልጻፍ። ከብሎካችን ተነስቶ እስከ ልጆቼ ትምህርት ቤት በር የሚደርሰው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ተመላልሼበታለሁ። ስድስት ወር አለፈ። በሜትር ለክቼዋለሁ፣ በውሃ ልክ አይቼዋለሁ፣ ሲዘንብም ሲደርቅም አውቀዋለሁ። በዚህ መንገድ ልጅ የምታመላልሱ፣ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ ተመሳሳይ መንገድ ሊሰራ የታሰበላችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ልጄ 10 ዓመቷ ነው። አራተኛ ክፍል ነች። ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ታናሽዋ አንደኛ ክፍል ነው። እሱ ደግሞ ሮጦ አይጠግብም። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎኩ ሊፍት ስለሌለው ለዊልቸሩ ስንል ግራውንድ ላይ ተከራይተናል።

ዓምና ይህ መንገድ አልነበረም። በአንድ በኩል ክፍት ቱቦ፣ በሌላ በኩል የአፈር ክምር ነበር። ዊልቸሩን አስፋልት ላይ አውርጄ በታክሲና በባጃጅ መሃል እገፋ ነበር። ሁሌ መኪና በሚመጣበት አቅጣጫ ነበር የምሄደው፤ ቢያንስ ሹፌሩ ዓይኔን ያየዋል ብዬ። ዝናብ ሲሆን ልጅቷን አዝላታለሁ፣ እናቷ ዊልቸሩን አጥፋ ትሸከማለች፣ ታናሽየው የእናቱን ነጠላ ይዞ ይከተላል። ሰርቪስም ሞክረን ነበር። ሹፌሩ ዊልቸሩ የሁለት ልጅ ቦታ ይይዛል አለ። የሁለት ልጅ ሂሳብ እከፍላለሁ አልኩት። ሁለት ሳምንት ወስዷት ተወን። አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው።

እና መስፈርቴ አንድ ነው። ልጄ ያለ እኔ እጅ ልትሄድበት ትችላለች ወይ? ውበቱን፣ መብራቱን፣ የተተከለውን አበባ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የማየው።

ከደስታው ልጀምር። የመጀመሪያው 400 ሜትር እጅግ በጣም ጥሩ ነው። ስፋቱን ለክቼዋለሁ፤ 2 ሜትር ከ40 ነው። አንድ ዊልቸር ብቻውን ሲያልፍ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ዊልቸር ጎን ለጎን እንዲተላለፍ ደግሞ 1 ሜትር ከ80። እዚህ ከዚያም በላይ አለ። ታይልሶቹ ተገጣጥመው ነው የተነጠፉት፤ መጋጠሚያው ላይ ሳንቲም እንኳ አይገባም። ወደ ጎን ያለው ተዳፋት ውሃ እንዲሄድ ያህል ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ወደ ጎን የዘመመ መንገድ ላይ ግን ዊልቸር ራሱን ወደ አስፋልቱ ይጎትታል። የሚገፋው ልጅ በአንድ እጁ ብቻ እየታገለ ነው የሚሄደው፣ 100 ሜትር ሳይሄድ ትከሻው ይዝላል። ይህን ክፍል ያነጠፉት ልጆች እጃቸው ይባረክ። እነማን እንደሆኑ ባውቅ ነገ ሳይት ላይ አሰራቸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። መስከረም ነበር፣ ጠዋት 1፡15። ልጄ እጇን ጎማው ላይ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ሳታይ፣ «አባዬ ልቀቀኝ» አለችኝ። ለቀቅኳት። ቦርሳዋ ከወንበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል፣ ምሳ ዕቃዋ ጭኗ ላይ ነው። ሄደች። ዓምና ሙሉ መንገድ ላይ ያየሁት አናቷን ከላይ ነበር። ያን ቀን ግን ከኋላ ሆኜ እጆቿ ሲሰሩ አየሁ።

አሁን ወደ ችግሩ።

ከ400 ሜትሩ በኋላ ወደ ውስጥ የሚገባ የኮብልስቶን መንገድ አለ። እዚያ ጋ የእግረኛው መንገድ ይቆረጥና ወርደህ፣ ተሻግረህ፣ መልሰህ ትወጣለህ። ለዊልቸር ተብሎ ተዳፋት ተሰርቷል። ሲያዩት ደስ ይላል። ልጄ ለመውጣት ስትሞክር ግን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ሲል ነው የያዝኩት። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ተንቀጠቀጥኩ።

በነጋታው ሜትርና ውሃ ልክ ይዤ ሄድኩ። ከርብስቶኑ፣ ማለትም የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ተዳፋቱ የተሰራው በ60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው። ማለትም አራት ስትሄድ አንድ ትወጣለህ። ይህ ተዳፋት ሳይሆን ግድግዳ ነው። በዓለም ላይ የሚሰራበት ልኬት ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው። ለ15 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ከ80 ያስፈልጋል ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ከርብስቶኑን በ12 አባዛው፣ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ አንጣፊ ሊያነሳው የሚችል ጥያቄ አለ። መንገዱ 2 ሜትር ከ40 ስፋት ኖሮት 1 ሜትር ከ80ው ተዳፋት ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ ለሚያልፈው ሰው የሚተርፈው ሜዳ 60 ብቻ ነው። አያሳልፍም። ስለዚህ መፍትሄው ተዳፋቱን ማስረዘም ብቻ አይደለም። ማዕዘኑን ሙሉ በሙሉ ዝቅ ማድረግ ነው። የእግረኛው መንገድ ራሱ ከሩቅ ጀምሮ ቀስ እያለ ወርዶ፣ ማዕዘኑ ላይ ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል። ከርብስቶን የሚባል ነገር እዚያ ነጥብ ላይ አይኖርም።

ይህን ለፎርማኑ ልነግረው ሄድኩ። ወጣት ነው። ገና ከፊት ያለውን እያስነጠፈ ነበር። መጀመሪያ «ጋሼ፣ በተሰጠን ስዕል ነው የምንሰራው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ሳይት ላይ የምለው እሱን ነው። አልተጣላሁትም። «ነገ ጠዋት 1፡30 ላይ እዚህ ሁን» ብቻ አልኩት። መጣ። ልጄን ሰላም አላት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቀ። ልጄን ነው የጠየቀው፣ እኔን አይደለም። «እኔ ልሞክረው ትፈቅጂልኛለሽ?» አላት። ፈቀደችለት። አቅፌ ግንቡ ላይ አስቀመጥኳት። እሱ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተዳፋቱን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ጎማው ተነሳበት፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ልጄ «ደረትህን ወደ ፊት አድርግ» እያለች ታስተምረዋለች። በመጨረሻ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ተቀምጬበት አላውቅም» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማዕዘኑ ተቆፍሮ አገኘነው። አሁን ዝቅ ብሏል። ልጄ ብቻዋን ትወጣዋለች። ሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች ግን ስራቸው ስላለቀ አልተነኩም። እዚያ ዊልቸሩን አዙሬ በኋላ ጎማው ነው የምስበው። የምትገፉ ካላችሁ እንደዚያ አድርጉ፤ ስትወርዱም ስትወጡም ትልቁ ጎማ መጀመሪያ ዳገቱን ይንካ።

ይህ ስለ ዊልቸር ብቻ አይምሰላችሁ። ማዕዘኑ ከተስተካከለ ወዲህ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅ ያዘለች እናት በእሱ ትሄዳለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት በእሱ ይሄዳሉ። በጋሪ ውሃ የሚያመላልሰው ልጅ በእሱ ይሄዳል። የእኔ ታናሹ እንኳ በእሱ ነው የሚሮጠው።

ቀጥሎ የቱቦ ክዳን ነው። በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የኮንክሪት ክዳን ነው፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛው የብረት ፍርግርግ ነው። የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ነው፣ ቀጭን ነው። የፍርግርጉ ብረቶች በምትሄድበት አቅጣጫ ከተዘረጉ ጎማው መሃላቸው ይሰምጣል። አንድ ጊዜ ልጄን ፊት ለፊት ሊጥላት ሲል ቀበቶዋ ነው ያዳናት። ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው ቢዘረጉ ጎማው እየነጠረም ቢሆን ያልፋል። ማስተካከያው ክዳኑን አንስቶ ሩብ ዙር አዙሮ መክተት ነው፤ ካሬ ስለሆነ ይገባል። አምስቱን ክዳኖች ከሰፈሩ ልጆች ጋር አንድ ቅዳሜ አዞርናቸው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ስድስተኛው በጥር ተሰርቋል። ጉድጓዱ ላይ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ተክሎበታል። ከመንገዱ ሁሉ አንድ ቦታ ተጠንቀቁ ብባል ከመሻገሪያው ቀጥሎ የምጠቁመው እሱን ነው። ቅርንጫፉ ሲደርቅና ሲወድቅ ጉድጓዱ ብቻውን ይቀራል። ምሽት ላይ ጭራሽ አይታይም።

ስለ ቢጫው ታይልስ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬ ስለሆነ ያንገበግበኛል። ወለሉ ላይ መስመርና ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ ታይልስ አይታችሁ ይሆናል። ለማሳመሪያ አይደለም። ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈው። መጀመሪያ የተነጠፈው በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ መሻገሪያ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ነገር የተጀመረው ከትምህርት ቤት መንገድ ነው። ቋንቋ አለው። ረጅሙ መስመር «ቀጥል» ይላል። ነጠብጣቡ «ቁም፣ እዚህ ጋ ነገር አለ» ይላል። በእግር ጫማ ወይም በበትር ጫፍ ነው የሚነበበው።

እኛ ሰፈር ስምንተኛ ክፍል የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ አለ። ነጭ በትር ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጠዋት አብረን እንገናኛለን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እዚህ መንገዱ ይዋሻል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። መስመሩን ተከትሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ የመብራት ምሰሶ ላይ ደረሰ። መስመሩ «ቀጥል» እያለው ነው ምሰሶው ጋ ያደረሰው። ከምሰሶው በፊት አንድ ረድፍ ነጠብጣብ የለም። ወደ ጎን የሚያዞረው መስመርም የለም። ግንባሩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ ከዚህ ምሰሶ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩትም። ሌላ ቦታ ደግሞ ነጠብጣቡን ሱቅ በር ላይ ለጌጥ አንጥፈውታል። የሚያነጥፈው ሰው ምን ማለት እንደሆነ ካልተነገረው ያምራል ወዳለበት ነው የሚያነጥፈው። ታይልሱ ከሌላው ይወደዳል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ድካሙ ወጥቷል፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ስልጠና ቀርቷል። የሙያ አጋሮቼ፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ቢጫውን ከማንጠፋችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጫማችሁ ሂዱበት። ሌላ ትምህርት አያስፈልግም።

መንገዱ ላይ ስለሚቆመው ነገር ደግሞ ላውራ። መኪና ይቆምበታል። አሸዋና ብሎኬት ይራገፍበታል። አንድ ሱቅ ደረጃውን ወደ እግረኛው መንገድ 80 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ ሰርቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆኖ እንዲሰራ አዟል። እዚህ ግን ሱቁ ለእነሱ አለመመቸቱ ሳያንስ የሚያልፉበትንም ወሰደ። ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ። «አሳልፋለሁ እኮ» ይለኛል። ልጄ የምታልፈው እሱ ወጥቶ ሲያሳልፋት ከሆነ መንገድ አይባልም።

ጉልቱን ግን ከእነዚህ ጋር አልቆጥረውም። ሽንኩርትና ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ጃንጥላቸው መንገዱን ይዘጋ ነበር። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ግንቡ ቢጠጉልን» አልኳቸው። በዚያው ቀን ተጠጉ። «እኔ መች አወቅኩ የኔ ልጅ፣ መንገር ነው እንጂ» አሉኝ። እሳቸው የመንገዱ ዓይን ናቸው። የትኛው ልጅ አልፏል፣ የትኛው ቀርቷል ያውቃሉ። አንድ ጠዋት ታናሹ አሞት ቀርቶ ልጄን ብቻ ይዤ ሳልፍ፣ «ያ ሩጫው የታል?» ብለው ጠየቁኝ። ውሻ ሲመጣ በዱላቸው የሚያባርሩልን እሳቸው ናቸው። ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ሲያስቸግሩ በስማቸው እየጠሩ የሚቆጡትም እሳቸው ናቸው። መንገድ ይጸዳ ተብሎ እሳቸው ከተነሱ መንገዱ ሰፊ ይሆናል፣ ግን ልጄን ብቻዋን አልለቃትም። ለእሳቸው ግንቡ ጥግ አንድ ሜትር ተኩል ምልክት ተደርጎ ቢሰጣቸው ይበቃል። ቦታው አለ፤ ለክቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልድረስ። ከ1,150ው ሜትር ውስጥ 22 ሜትሩ አስፋልት መሻገር ነው።

ዜብራ አለ። በመስከረም ሲቀባ ነጭ ነበር። በኅዳር ደብዝዞ፣ አሁን የት እንደሚጀምር የሚያውቀው የለመደው ሰው ብቻ ነው። ጠዋት የተማሪ ትራፊኮቹ ይቆማሉ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ሰደርያ ለብሰው፣ «ቁም» የሚለውን ምልክት ይዘው አስፋልቱ መሃል ይገባሉ። እነዚህን ልጆች ሳይ ልቤ ይሞላል፣ ወዲያው ደግሞ ይፈራል። የአንዷ ቁመት ከአይሱዙው መብራት ትንሽ ነው የሚበልጠው። ሹፌሮች ይቆሙላቸዋል፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ አብዛኛው ሹፌር ይቆማል። ደወሉ 2 ሰዓት ሲደወል ግን እነሱም ተማሪ ናቸውና ወደ ክፍል ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ለሚያረፍድ ልጅ ማንም የለም።

የፍጥነትን ነገር በቀላሉ ላስረዳ። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ፍሬን ሳይያዝ 14 ሜትር ሄደ ማለት ነው። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ገደማ ነው። የቀረው 6 ሜትር አንድ ልጅ ወደ ኋላ ለመመለስ ይበቃዋል። በዚያ ላይ በ30 የተመታና በ50 የተመታ ሰው የመትረፍ ዕድላቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው ገደማ በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከበሽታም ከሌላም ነገር በላይ የሚገድላቸው ይህ ነው። ትምህርት ቤት ልኬ የምጠብቃቸው ሁለቱም ልጆቼ እዚያ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

የእኛ መሻገሪያ ሌላም ጉድለት አለው። አስፋልቱ መሃል ላይ አካፋይ አለ። ዜብራው ቀጥ ብሎ አካፋዩ ላይ ይደርስና ይቆማል። አካፋዩ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይረግጠውና ያልፋል። ልጄ ግን መሃል አስፋልት ላይ፣ በግራ በኩል መኪና እየመጣ፣ ግድግዳ ፊት ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ከዜብራው ወጥተን አካፋዩ እስከሚያልቅበት 30 ሜትር ያህል በአስፋልቱ እንሄዳለን። ተማሪ ትራፊኮቹ ይህን ያውቃሉ፤ አንዷ ምልክቷን ይዛ አብራን ትሄዳለች። በየቀኑ። አንድ ጊዜም ተሰላችታ አላየኋትም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። አካፋዩን በዜብራው ስፋት መቁረጥ ነው። የአንድ ቀን ስራ ነው፤ መቁረጫ ማሽንና አራት ሰው ይበቃል። ከተቻለ ደግሞ ዜብራውን ራሱን ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍ ማድረግ። ያኔ ዜብራውም ጉብታ ይሆናል። መኪናው ወዶ ሳይሆን ግዱን ይቀዘቅዛል። ልጄ ሳትወርድና ሳትወጣ ቀጥ ብላ ትሻገራለች። ቀለሙ ቢደበዝዝ እንኳ ጉብታው አይደበዝዝም። ለሚመለከተው መስሪያ ቤት በጽሁፍ አመልክቻለሁ፣ ፎቶና ልኬት አያይዤ። ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ደብዳቤው የትኛው ክፍል እንዳለ እስካሁን የነገረኝ የለም።

አንዳንድ ሰው ድልድይ ይሰራ ይለኛል። እህቴ የምትኖረው ቀለበት መንገድ አጠገብ ነው። እሷ ሰፈር ያለውን የእግረኛ ድልድይ አውቀዋለሁ። ደረጃ ብቻ ነው። እህቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ልጄን አዝላታለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ዊልቸሩን አመጣለሁ። ዕቃ የተሸከመው ሰው ሁሉ በድልድዩ ሳይሆን በስሩ ነው የሚሻገረው። ለምን እንደሆነ ደረጃውን አንድ ጊዜ የወጣ ያውቀዋል። ድልድይ አልፈልግም። መኪናው ይቀዝቅዝ።

ከመሻገሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ክፍል ደህና ነው። ጠበብ ይላል፣ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው፣ ግን ምንም አይቆምበትም። ዛፎቹ ስላልተቆረጡ ጥላ አለው። የትምህርት ቤቱ በር ጋ ጠዋት 1፡40 አካባቢ የወላጆች መኪና ይጨናነቃል። ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል። ጥበቃው የበሩን ደፍ በኮንክሪት አስተካክሎልናል፤ ማንም ሳያዘው፣ ከራሱ አሸዋ ለምኖ። አየሁት፣ ልኬቱ ልክ ነው። ማን አስተማረህ ስለው «ዊልቸሯን እያየሁ ነው የሰራሁት» አለኝ።

አንድ እሁድ ልጆቹን ይዤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በአዲሱ የኮሪደር መንገድ ሄድን። ከየካቲት 2016 ጀምሮ ከተሰሩት ውስጥ ነው። እውነትም ሰፊ ነው። ልጄ ታናሽዋን እያሯሯጠች ዊልቸሯን በእጇ ገፋች፣ ማታ ክንዷን አመማት፣ ደስ ብሏት ነው የተኛችው። እኔ ግን እየሄድኩ ሳስብ የነበረው ሌላ ነው። ወደዚህ የመጣነው በዓመት አንዴ ነው። ያችን 22 ሜትር ግን በሳምንት አስር ጊዜ እንሻገራለን። ያን የመሰለ መንገድ መስራት የሚችል እጅ እዚህ አገር አለ። ከተማው በኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ብሎ አስፋልት ለእግረኛ ሲከፍትም አይተናል። አይቻልም የሚባል ነገር የለም ለማለት ነው።

ውጤት ስጥ ከተባልኩ፣ ስፋቱንና አነጣጠፉን ከ10 ዘጠኝ እሰጣለሁ። ማዕዘኖቹን አምስት፤ አንዱ ባይስተካከል ሁለት ነበር። መሻገሪያውን ሁለት፤ ሁለቱም ነጥብ የተማሪ ትራፊኮቹ ነው። አንድ ላይ ሳየው ስድስት ይሆናል። ዓምና ዜሮ ነበር። ለምትጠቀሙበት ሰዎች፣ ጠዋት ከ1፡10 እስከ 1፡30 ተነሱ፣ በግንቡ በኩል ሂዱ፣ ቅርንጫፍ የተተከለበትን ጉድጓድ ለልጆቻችሁ በቀን አሳዩዋቸው፣ ተማሪ ትራፊኮቹ ወደ ክፍል ሳይገቡ ተሻገሩ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለልጄ አነበብኩላት። የእሷ ስለሆነ መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት። ውጤቱ ላይ ስደርስ ተቃወመች።

«እኔ ስምንት ነው የምሰጠው» አለች።

«ስምንት? ለምን?»

«ድሮ አንተ ስትገፋኝ ጓደኞቼ ከኋላ ነበሩ። አሁን ጎን ለጎን ነው የምንሄደው። እያወራን።»

እሱን አልለካሁትም ነበር። 2 ሜትር ከ40ው ለምን እንደሆነ እሷ ናት የነገረችኝ።

«ሁለቱንስ የት ቀነስሽው?»

«አካፋዩ ጋ» አለች፣ እና የቤት ስራዋን ቀጠለች።